ድርቅ የዘራቸው ከተሞች

ለወሎ ሰው የቴራን ታሪክ ማስረዳት ብዙ ቃል አይፈጅም። ቴራ በኤጅያን ባሕር ውስጥ ያለች፣ ዛሬ ሳንቶሪኒ የምትባል የእሳተ ገሞራ ደሴት ናት። ሄሮዶቱስ እንደጻፈው ሰባት ዓመት ሙሉ ዝናብ ጠፋባት፤ ከነበራት ዛፍ ሁሉ ከአንዱ በቀር ደረቀ። ሰዎቹ ዴልፊ ወዳለው የአፖሎ መቅደስ ልከው ቢያስጠይቁ፣ ሊቢያ ላይ ከተማ እንዲቆረቁሩ አስቀድሞ የተነገራቸውን ቸል ማለታቸው ተነገራቸው። ይህ የሆነው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ630 ገደማ ነው። በልግ አንድ ዓመት ሲቀር ኩታበር ላይ ምን እንደሚሆን፣ ሲደግም ደግሞ የከብት ዋጋ እንዴት እንደሚወድቅና የእህል ዋጋ እንዴት እንደሚሰቀል የሚያውቅ ሰው፣ ሰባት ዓመት ሲባል የቀረውን ራሱ ይሞላዋል።

የቴራ ሸንጎ ውሳኔ ጨካኝ ነበር። ከየቤቱ አንድ ወንድ ልጅ፣ ከወንድማማቾች መካከል በዕጣ ተለይቶ፣ እንዲወጣ ተደነገገ። አልሄድም ያለ ቅጣቱ ሞት ነው፤ ንብረቱም ይወረሳል። የሚሸሽገው አባትም ሆነ ወንድም በዚያው ቅጣት ይቀጣል። ባቶስ የሚባል ሰው መሪ ሆኖላቸው፣ እያንዳንዳቸው ሃምሳ መቅዘፊያ ባላቸው ሁለት መርከቦች ተጫኑ። በሁለት መርከብ የሚሄድ ሰው ቢበዛ ሁለት መቶ ቢሆን ነው።

የመጀመሪያው ጉዞ ከሸፈ። የሊቢያን ጠረፍ አይተው፣ መላው ጠፍቷቸው ወደ አገራቸው ቢመለሱ፣ የገዛ ወገኖቻቸው ከባሕሩ ዳር ቆመው እየወረወሩባቸው እንዳይወርዱ ከለከሏቸው። ተመልሰው ፕላቴያ በምትባል ደሴት ሁለት ዓመት ተቀመጡ። ከዚያ አዚሪስ በሚባል ስፍራ ስድስት ዓመት ኖሩ። በሰባተኛው ዓመት ሊቢያውያን ራሳቸው መጥተው ከዚህ የተሻለ ቦታ እናሳያችሁ አሏቸው። ከሁሉ ያማረውን አገር እንዳያዩት ሰዓቱን ቆጥረው በሌሊት አሳልፈው ወሰዷቸው። ካንድ ምንጭ አጠገብ አድርሰውም፣ እዚህ ሰማዩ የተበሳ ነውና እዚህ ተቀመጡ አሏቸው። ከተማዋ ቀሬና ተባለች። የጌታን መስቀል የተሸከመው ስምዖን ከዚያች ከተማ ነውና ስሟ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም።

ከመነሻው ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆይተው የቀሬና ሰዎች አባቶቻቸው ሲወጡ የገቡትን ቃል በድንጋይ ላይ ቀርጸው አቆሙ። ድንጋዩ ተገኝቷል። ቃሉ እንዳለ የ7ኛው ክፍለ ዘመን ነው ወይስ ኋላ የታደሰ ነው በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ። በየትኛውም በኩል ቢታይ፣ ሰፋሪ የሆነ ሕዝብ ከአገሩ ጋር ያለው ውል ምን መሆን እንዳለበት ያመነበትን ያሳያል። የሚሄዱት ሁሉ በእኩልነት ይሄዳሉ። ሰፈራው ከጸና፣ በኋላ የሚከተላቸው የቴራ ሰው እዚያ እንደደረሰ ዜጋ ይሆናል፤ ሹመትም ያገኛል፤ ካልተከፋፈለው መሬትም በዕጣ ይደርሰዋል። ሰፈራው ካልጸና፣ ቴራም ልትረዳቸው ካልቻለች፣ አምስት ዓመት በመከራ ከቆዩ በኋላ ያለ ፍርሃት ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ የተዉት ንብረትም፣ ዜግነታቸውም ይጠብቃቸዋል።

መሐላው ራሱ ሊታይ የሚገባው ነው። ሰም አቅልጠው ትናንሽ የሰው ምስሎች ሠሩ። ወንዱም ሴቱም፣ ወንድ ልጁም ሴት ልጁም በአንድነት ተሰበሰበ። ምስሎቹን እሳት ውስጥ እየጣሉ፣ ይህን ቃል ያፈረሰ እንደነዚህ ምስሎች ይቅለጥ፣ እሱም ዘሩም ሀብቱም እንደ ሰሙ ፈስሶ ይቅር ብለው ረገሙ። ለሚጠብቀው ግን፣ ሊቢያ ለሚሄደውም ቴራ ለሚቀረውም፣ ለልጅ ልጆቹም በጎ እንዲሆንለት መረቁ። ሁለቱ ወገኖች አብረው መማላቸውን ልብ ይሏል። የሚሄደው ብቻ አይደለም ግዴታ የገባው፤ የሚቀረውም ገብቷል።

እንግዲህ ግሪኮች አፖይኪያ የሚሉት ሥርዓት ይህ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ8ኛው እስከ 6ኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ከስፔን ጠረፍ እስከ ጥቁር ባሕር ማዶ በመቶ የሚቆጠሩ ከተሞች በዚህ መንገድ ተቆረቆሩ። የቆሮንቶስ ሰዎች በ733 ገደማ ሲራኩስን፣ የሜጋራ ሰዎች በ660 ገደማ ኋላ ቁስጥንጥንያ፣ ዛሬ ኢስታንቡል የሆነችውን ቢዛንጥዮምን፣ የፎቅያ ሰዎች በ600 ገደማ ዛሬ ማርሴይ የምትባለውን ማሳልያን መሠረቱ። ሚሊጢን ብቻዋን በጥቁር ባሕር ዙሪያ እጅግ ብዙ ልጆች ነበሯት። ሁሉንም ያስነሳው ድርቅ አልነበረም። አንዳንዱ መሬት ጠቦት፣ አንዳንዱ ብረትና ንግድ ፈልጎ፣ አንዳንዱ በፖለቲካ ተሸንፎ ወጥቷል። እስፓርታ ልደታቸውን ሕጋዊ አይደለም ያለቻቸውን ልጆቿን ጣልያን ሰደደቻቸው፤ ታራስ የምትባለውን ከተማ የመሠረቱት እነሱ ናቸው።

የአነሳሱ ምክንያት ይለያይ እንጂ ሥርዓቱ ተቀራራቢ ነበር። እናት ከተማ መሥራች ትሾማለች። መሥራቹ ከዴልፊ ይሁንታ ያገኛል። ከእናት ከተማይቱ የጋራ ምድጃ እሳት ይዘው ይወጣሉ፤ የአዲሲቱ ከተማ ምድጃ ከዚያ ይለኮሳል። መሥራቹ መሬቱን በዕጣ ያካፍላል፣ የመቅደሱን ቦታ ይከልላል፣ ሲሞት ገበያው መካከል ይቀበራል፤ በየዓመቱም መሥዋዕት ይቀርብለታል። የባቶስ መቃብር በቀሬና አደባባይ ጥግ ነበር። አዲሲቱ ከተማ የእናቷን የቀን አቆጣጠር፣ በዓላቷን፣ አነጋገሯንና ፊደሏን ትይዛለች። ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ራሷን የቻለች ናት፤ ግብር አትልክም፣ ገዢ አይሾምባትም። አውሮፓውያን ኋላ አፍሪካ ውስጥ ካቆሙት ቅኝ ግዛት ጋር የማይገናኘው በዚህ ነው።

ሲሲሊ ያለችው ሜጋራ ሂብላያ ይህን ሁሉ በመሬት ላይ ታሳያለች። የተመሠረተችው በ728 ገደማ ነው። ሂብሎን የተባለው የአገሬው ንጉሥ ቦታውን ሰጥቷቸው፣ ስሙን ከእናት ከተማቸው ስም ጋር አጣምረው ጠሯት። ቁፋሮው እንዳሳየው፣ ሰዎቹ ገና በአንዲት ክፍል ቤት ይኖሩ በነበረበት ጊዜ እንኳ መንገዶቹ ተቀይሰው፣ የአደባባዩ ቦታ ቤት እንዳይሠራበት ተከልሎ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ እሷም በተራዋ ልጅ ለመውለድ ስትነሳ፣ መሥራቹን ያስመጣችው ከአሮጌይቱ ሜጋራ ነው። ደንቡ ይህ ነበር፤ የልጅ ልጅ ከተማም ብትሆን መሥራቿ ከአያት ቤት ይመጣል።

በዕጣ መሬት ከሚካፈሉባቸው ከተሞች ሌላ ለንግድ ብቻ የቆሙም ነበሩ፤ ግብጽ ውስጥ የነበረችው ናውክራጢስ ለዚህ ትጠቀሳለች። ወደ እኛ ባሕር የመጣው የግሪክ ነገርም በንግድና በአደን በኩል ነው። በጥሊሞሳውያን ዘመን ለጦርነት የሚሆን ዝሆን የሚያጠምዱ ሰፈሮች በቀይ ባሕር ዳር ተተከሉ። ኋላም ብዙዎች የአክሱም ንጉሥ ነው የሚሉት ዞስካሌስ የግሪክ ጽሕፈት አዋቂ እንደነበር አንድ የባሕር ነጋዴ ጽፏል። ዒዛናም ድሉን በግዕዝ፣ በሳባና በግሪክ ፊደላት አስቀርጿል። ግሪኮች እዚህ ከተማ አልቆረቆሩም፤ ፊደላቸው ግን አዱሊስ ድረስ ገብቷል።

ወደ ቀሬና እንመለስ፤ ለእኛ የሚጠቅመው ያ ነውና። የመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች ጥቂቶች ስለነበሩ ከአገሬው ጋር ተጋብተው፣ ተጎራብተው ኖሩ። የቀሬና ሴቶች የሊቢያውያንን ልማድ ይዘው የላም ሥጋ አይበሉም ነበር። ግሪኮች አራት ፈረስ ባንድ ሠረገላ መጥመድን የተማሩት ከሊቢያውያን ነው ይላል ሄሮዶቱስ። ነገሩ የተበላሸው በሁለተኛው ባቶስ ዘመን ነው። ከመላው ግሪክ ሰፋሪ በመሬት ተስፋ ተጠራ፤ ብዙ ሰው ጎረፈ፤ መሬቱም ከሊቢያውያን ተነጠቀ። ንጉሣቸው አዲክራን ትንቢተ ኤርምያስ ሖፍራ ወደሚለው የግብጽ ፈርዖን ጮኸ። በ570 ገደማ ፈርዖኑ የላከው ጦር ተደመሰሰ። ሊቢያውያኑ ግን አልረሱም። ከአንድ ትውልድ በኋላ በሌላ ጦርነት ሰባት ሺህ የቀሬና እግረኛ ወታደሮችን ገደሉ። ምንጩን ካሳዩአቸው ሰዎች ልጆች ጋር ነው ይህ ሁሉ የሆነው። ያለ አገሬው ፈቃድ የተሰጠ መሬት ዋጋውን የልጅ ልጅ እንደሚከፍለው ቀሬና ቀድማ አይታዋለች።

ያም ሆኖ ከተማይቱ ጸናች፤ በለጸገችም። ገንዘቧ ላይ የምትቀርጸው ሲልፊዮን የሚባል፣ ለመድኃኒትም ለወጥም የሚሆን፣ እዚያ ብቻ የሚበቅል ተክል ነበራት። ከሁሉ የሚበልጠው ሀብቷ ግን እህሏ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ330 እስከ 326 ባሉት ዓመታት መላው ግሪክ በራብ ሲመታ፣ ቀሬና ለአርባ ያህል ከተሞችና ለእስክንድር እናት ለኦሎምፒያስ እህል ሰጠች። ዝርዝሩ በድንጋይ ላይ ተጽፎ እስካሁን አለ። ጠቅላላው 805 ሺህ ሜዲምኖስ ነው፤ በእኛ ልክ ከ300 ሺህ ኩንታል በላይ ይሆናል። አቴና 100 ሺህ ደረሳት። እዝርዝሩ መካከል ቴራ አለች፤ 15 ሺህ ሜዲምኖስ፣ ማለት 6 ሺህ ኩንታል ገደማ ተልኮላታል። ከሦስት መቶ ዓመት በፊት ድንጋይ ያነሳችባቸው ልጆች ልጆች ናቸው የላኩላት።

ወሎ ልጆቹን በዚህ መጠን ያወጣው በ1977 ነው። በልጉም መኸሩም ሲቀር፣ ደርግ በኅዳር 1977 ከሰሜኑ ክፍላተ ሀገር 300 ሺህ ቤተሰብ፣ ማለት 1 ሚሊዮን ተኩል ሰው ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ለማስፈር መነሳቱን አሳወቀ። በ1978 ሥራው ለጊዜው እስኪገታ ድረስ 600 ሺህ ያህል ሰው ተጓጓዘ። ከግማሽ በላይ የሚሆነው የወሎ ሰው ነው። መድረሻው ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋ፣ ጋምቤላ፣ ጎጃም ውስጥ ደግሞ የመተከል ቆላ ነበር። በአውቶቡስ ተጓዙ፣ በጭነት መኪና ተጫኑ፤ ሶቪየት ኅብረት በላከቻቸው አንቶኖቭ አውሮፕላኖችም ከዚያ በፊት አውሮፕላን ከሩቅ እንጂ ከቅርብ ያላየ ገበሬ ተጭኖ ሄደ።

ወዶ የሄደ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ልጁ እጁ ላይ የሞተበት አባት መሬት አለ ሲባል ይነሳል። ለእርዳታ እህል ተሰልፎ ሳለ የተወሰደም ነበር፤ ገበያ ወጥቶ የቀረም ነበር። ባል ባንድ መኪና፣ ሚስት በሌላው ተጭነው የተለያዩ፣ ልጆች ከወላጅ ተነጥለው የቀሩ ቤተሰቦች በየወረዳው አሉ። ድንበር የለሽ የሐኪሞች ቡድን የፈረንሳይ ክፍል ይህን በይፋ በመቃወሙ በ1978 ከአገር ተባረረ።

እዚያ ሲደርሱ የጠበቃቸው ሌላ አገር ነው። የደጋ ሰው ለወባ ባዳ ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ብዙ ሰው ረገፈ። በሬው በገንዲ ያልቃል። መንደሩ ስም የለውም፤ ቁጥር ነው ያለው፦ መንደር ሁለት፣ መንደር ሦስት፣ መንደር ሰባት። በጣና በለስ ፕሮጀክት የጣልያን መንግሥት ገንዘብ፣ የሳሊኒ ኩባንያ ደግሞ ግንባታውን ይዘው ፓዌ ላይ ትልቅ ነገር ተሠራ። በብዙ ሰፈሮች እርሻው የጋራ ነበር፤ ገበሬው በሠራበት ቀን የሥራ ነጥብ ይጻፍለታል፣ እህሉን በነጥቡ ይካፈላል። በ1982 መንግሥት ቅይጥ ኢኮኖሚን ሲፈቅድ የኅብረት ሥራ ማኅበራቱ በአጭር ጊዜ ፈረሱ። ገበሬው መሬቱን ለየራሱ ተከፋፈለ። የቴራ ልጆች በመጀመሪያው ቀን በዕጣ የተካፈሉትን፣ የወሎ ልጆች ያገኙት ከአምስትና ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

መንግሥት ያልሰጣቸውን አንድ ነገር ግን ራሳቸው ይዘው ሄደዋል። እሱም ቅሬ ነው። የአዲስ አበባ ሰው እድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል። በወለጋ ቄቶ መንደር ሦስት የኖረው አጥኚ አሉላ ፓንክረስት በ1992 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ የሰፋሪዎቹን ኑሮ ከውስጥ አሳይቷል። ከተለያየ አውራጃ ተሰባስቦ ባንድ መስመር ቤት የተሰጠው ሰው መጀመሪያ ያቋቋመው ቀባሪውን ነው። በዚያ ሞት በበዛበት ዓመት ሌላ ምን ይቀድማል? ቅሬ ማለት ሰው ሲሞት ጎረቤቱ ሥራ ጥሎ መቃብር ይቆፍራል፣ ሬሳ ይሸከማል፣ ሐዘንተኛውን ቤት በእህልና በእንጨት ይደግፋል ማለት ነው። በወሎ ቅሬው ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን ባንድ ያስተሳስራል፤ ሼኹም ቄሱም ለቀብሩ ይቆማሉ። የቅሬን ደንብ ያፈረሰ ከቅሬ ይወጣል፤ ከቅሬ ለወጣ ሰው እሳት የሚጭርለት ጎረቤት አይገኝም። ካድሬው የሾመው ሊቀመንበር በየጊዜው ተለዋወጠ፣ የቅሬው ሰብሳቢ ግን በሰዉ ፈቃድ ኖረ። ወዳጃውም፣ ጽዋ ማኅበሩም፣ የደቦው ሥርዓትም ተከትለው ገቡ። የግሪክ መሥራች ከምድጃ የሚወስደውን እሳት ያለ መሥራችም ያለ ሹመትም ይዞ የወጣ ሕዝብ ቢኖር ይህ ነው። ስለ ሰፈራ የሚጽፉ ሰዎች ይህን በዳርቻ ያልፉታል፤ እኔ የታሪኩ አንኳር ሆኖ ነው የሚታየኝ።

የሂብሎን ነገር ግን አልነበረም። መሬቱን ማን ሰጠ? መተከል ላይ ጉሙዞች መሬቱን በፈረቃ እያሳረፉ የሚያርሱ፣ በጫካው የሚያድኑ፣ ማር የሚቆርጡ ነበሩ። ያረፈው መሬት ለአዲስ አበባ ባለሥልጣን ጠፍ መሬት መሰለው። ማንም አልጠየቃቸውም። ወለጋም ያለው አርሶ አደር ለመጀመሪያዎቹ ሰፋሪዎች በትእዛዝ ቤት እንዲሠራ ተደርጓል። ይህ ቂም በሰፋሪውና በአገሬው መካከል ለዓመታት ተቀምጦ፣ በኋላ በመጣው የብሔር ፖለቲካ ላይ ተጨመረ። ጎረቤት ሆነው፣ ተጋብተው፣ ቋንቋ ተማምረው የኖሩ ብዙዎች እያሉ፣ ሰኔ 11 ቀን 2014 በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ ተገደሉ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከወሎ ሄደው የሰፈሩ ቤተሰቦችና እዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው ናቸው። ለልጆቹ ያ ቀበሌ የትውልድ ቀያቸው ነበር። ይህን በቀላሉ ጽፎ ማለፍ አይቻልም፤ ያዘነ ልብ ካለን አሁንም እንዘን።

ከወለጋ የተፈናቀሉ ብዙዎች ወደ ደቡብ ወሎ ተመለሱ። ከሐይቅ አጠገብ ጃሪና ቱርክ ካምፕ በሚባሉት መጠለያዎች፣ በየከተማው በየዘመዱ ቤት ተጠጉ። ወሎ በድንጋይ አልተቀበላቸውም፤ በቡናና በእንጀራ ነው የተቀበላቸው፣ ያውም የሰሜኑ ጦርነት ራሱን ደሴንና ኮምቦልቻን አልፎ በሄደበት ማግስት። ይህ የሕዝቡ ክብር ነው። የሕዝቡ ቸርነት ግን ሕግ አይደለም። በ1977 የወጣው ገበሬ መሬት በገበሬ ማኅበሩ ለቀረው ተሰጥቷል፤ መጨናነቁን ማቅለል የሰፈራው አንዱ ዓላማ ነበርና። ኋላ መሬት ሲለካና ደብተር ሲሰጥ፣ ደብተሩ በቀረው ስም ተጻፈ። ስለዚህ የተመለሰው ሰው አያቱ ያረሱበትን ማሳ በዓይኑ እያየ፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ግን የለም።

መንግሥት በ1995 ሰፈራን እንደገና ሲጀምር ከደርግ ጊዜ የተማረው ነገር ነበር። በሦስት ዓመት 440 ሺህ አባወራ፣ ማለት 2 ሚሊዮን 200 ሺህ ሰው ለማስፈር ታቅዶ፣ በፈቃደኝነት ብቻ፣ በየክልሉ ውስጥ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። የአማራው ገበሬ ወደ መተማና ቋራ ወረደ። የተቀባዩ ሕዝብ እንዲመከር ተባለ። ከሁሉ በላይ ሰፋሪው በትውልድ ቀየው ያለው የመሬት ይዞታ ለሦስት ዓመት እንዳይነካበት፣ ካልተስማማው ተመልሶ እንዲይዘው ተደነገገ። አፈጻጸሙ በየቦታው ጎዶሎ ነበር፤ ድንጋጌው ግን ትክክል ነው። ከቀሬናው ድንጋይ ጋር ሲተያይ የጎደለው ሁለት ዓመት ብቻ ነው።

የጎደለውስ በ1977 ለሄዱት ነው። ለእነሱ ሦስትም አምስትም ዓመት የሚል አንቀጽ አልተጻፈም፤ ቀሪውም አብሮ አልማለም። ዛሬ ጃሪ ካምፕ ውስጥ ላለው፣ ኩታበርም ደላንታም ዘመድ ጓሮ ለተጠጋው ሰው ሊጻፍ የሚገባው ያ ያልተጻፈው አንቀጽ ነው። ወደ ወለጋ ልመለስ ለሚለው ደኅንነቱና በእጁ አልምቶ የነበረው ማሳ ይረጋገጥለት። እዚሁ ልቅር ለሚለው ደግሞ በወረዳው መዝገብ ስሙ ይግባ፤ መሬት ቢጠፋ የቤት መሥሪያና መተዳደሪያ ይቆረጥለት። የክልሉ ምክር ቤት ይህን ለማውጣት ከዴልፊ ይሁንታ መጠበቅ የለበትም፤ በየቀበሌው ያለው ቅሬ ማን ከየት ቤት እንደወጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ ይመሰክራል።